ለአሞራ የተጣለው ወርች

ሰዓዳ ስትደውልልኝ ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ጎዳና ላይ፣ የመኪናዬን ጎማ እያስቀየርኩ ነበር። ሰዓዳ የጋሽ እንድሪስ ልጅ ናት፤ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ የምትሰማ እንጂ በአማርኛ የማትመልስ። «አንቲ ጥሩ» አለች። ከኋላዬ የጎማ መፍቻው ይጮሃል። «ሂ ኢዝ ጎን» አለች። ከዚያ እንግሊዝኛው አልበቃ ብሏት መሰለኝ፣ «ባባ ሞተ» አለች በአማርኛ። እኔ በስልክ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። «መጣሁ» ብዬ ዘጋሁት። ጎማ የሚቀይረው ሰውዬ የኋላዎቹም እንዳለቁ ሊያስረዳኝ ሲሞክር «አውቃለሁ፣ ሁሉም አልቋል» አልኩትና መኪናዬ እስኪወርድ ድረስ እዚያው ዘይት የነካው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ፊታቸው አልነበረም፤ እጃቸው ነው። ሰው ዝም ብሎ እንዲያይ ሲፈልጉ መዳፋቸውን ወደ መሬት ዘርግተው ቀስ እያሉ ዝቅ ያደርጉታል፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። በዚያ እጅ ስንቱን ዝም አሰኝተዋል። እኔንም ጭምር፤ እኔን ዝም ማሰኘት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም።

የተዋወቅነው ኤርፖርት፣ ፓርኪንግ ካሽየር ሆነን ነው። የምንቀመጥባቸው የመስታወት ሳጥኖች ጎን ለጎን ነበሩ፤ በመሃላችን አንድ መኪና ብቻ ያልፋል። መኪና ሲጠፋ መስኮት ከፍተን እናወራለን፤ ሲመጣ እናቋርጣለን፤ ሲሄድ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አንድ ወሬ ለመጨረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። እሳቸው የወሎ ሰው ናቸው፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ከኩታበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት ከራሳቸው የማይወርድ ጥቁር የሱፍ ቆብ ያላቸው። ሲቆጡ እንኳ «አበባዬ» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያደግኩ ነኝና ይህ ሁሉ ልስላሴ መጀመሪያ ማስመሰል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሲሰለቻቸው አያለሁ ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ አልሰለቻቸውም።

የንስሩ ነገር የተጀመረው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ከኤርፖርቱ ቁልቁል፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ረግረግ አለ። ከዚያ እየተነሳ አንድ ራሱ ነጭ የሆነ ትልቅ ንስር በፓርኪንጉ ጣሪያ ላይ ያልፋል። ሌሎቻችን አውሮፕላኑን እንኳ ቀና ብለን ማየት ትተን ነበር፤ ጋሽ እንድሪስ ግን ያ ወፍ ባለፈ ቁጥር የደንበኛ ቲኬት በእጃቸው እንደያዙ አንገታቸውን ያወጣሉ። አንድ ቀን መኪና ተሰልፎ ሳለ አንዲት ነጭ ሴትዮ ከፍላ፣ በሩ ተከፍቶላት፣ እሳቸው ግን አልለቀቋትም። ወንበሯ ላይ የተቀመጠውን ባይኖኩላር፣ የሩቅ ማያ መነጽሯን፣ እያመለከቱ ስለዚያ ወፍ ይጠይቋታል። ከኋላ ያለው ሰው ክላክስ ነፋ። ያም ሌላውም ነፋ። ጋሽ እንድሪስ ያቺን እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ዝቅ፣ ዝቅ አደረጓት። ሱፐርቫይዘራችን ሮጦ እስኪመጣ ድረስ ሴትዮዋ ስልኳን ጽፋ ሰጥታቸው ነበር።

ማሪሊን ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። በወንዙ ዳር ያሉ የንስር ጎጆዎችን የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ነበሯት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎጆ ይሰጠዋል። ሥራው ከሩቅ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ እንቁላል አለ ወይ፣ ጫጩቱ በላ ወይ። እሑድ እሑድ ለማሪሊን ይደወላል። ሕጉ አጭር ነው፦ አትቅረብ፣ አትጩህ፣ አታብላ። የወደቀ ወፍ ብታይ እንኳ አትንካ፣ ደውል።

«ደሞዝ አለው?» አልኳቸው።

«የለውም።»

«ታዲያ ኦፍ በሆኑበት ቀን፣ በዚህ ብርድ፣ ወፍ ለማየት ብለው?»

«ማየትም ሥራ ነው ጥሩዬ» አሉኝ። «እዚህ መስታወት ውስጥ ሆኜ የማየው የመኪና ታርጋ ብቻ ሆነብኝ።»

ባይኖኩላር አልነበራቸውም። የሰጣቸው ስቲቭ ነው። ስቲቭ የፓርኪንጉን በሮችና የቲኬት ማሽኖች የሚጠግን፣ ቀይ ጺም ያለው፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ወደ ሰሜን አጋዘን ለማደን ይሄዳል፤ በየዓመቱ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እኛም እንስቅበታለን። ጋሽ እንድሪስ ንስር ሊጠብቁ መሆኑን ሲሰማ በማግስቱ የአደን ባይኖኩላሩን አምጥቶ በመስኮታቸው አቀበላቸው። «እኔ ባየሁበትም የገደልኩት የለም፤ አንተ ተጠቀምበት» አላቸው። ጋሽ እንድሪስ ስቀው፣ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «ጋድ ብሌስ ዩር ሃንድ» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስቲቭ የሳቸውን ሳጥን ሳይጎበኝ አይውልም ነበር።

የደረሳቸው ጎጆ የአንድ ትልቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ነበር። እንስቷን «እሜቴ» አሏት፤ ወንዱን «ባልየው»። እሑድ ለማሪሊን ሪፖርት ሲያደርጉ አጠገባቸው ሆኜ ሰምቻለሁ። በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፣ ወፊቱ በስልክ የምትሰማቸው ይመስል። «ማዳም ኢዝ ሆም። ሚስተር ጎ ሾፒንግ» ይላሉ። ማሪሊን በወዲያኛው ጫፍ ስትስቅ ይሰማኛል። እሜቴ እንቁላል ላይ መተኛቷን ባወቁ ዕለት ግን አልቀለዱም። ቆባቸውን አውልቀው «አራስ ሆነች» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲያ ያ ቦታ ለሳቸው አራስ ቤት ሆነ።

በፀደይ አንድ እሑድ የኛ ሰዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከጎጆው ብዙ ሳይርቁ ጥብስ እየጠበሱ ዘፈን ከፍ አድርገው ነበር። ጋሽ እንድሪስ ማሪሊን ለጠባቂዎቹ የምትሰጠውን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው ሄዱ። ፖሊስ የመጣ መስሎት አንዱ ቢራውን ደበቀ።

«አበባዎቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እዚህ አራስ አለች» አሏቸው።

ዘፈኑ ወዲያው ቀነሰ። አንዲት እናት ተነስታ «ውይ፣ የት ነች? ምነው ሜዳ ላይ? ምን እናምጣላት?» አለች። ጋሽ እንድሪስ ወደ ዛፉ ጫፍ አመለከቱ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አይታ፣ እሳቸውን አይታ፣ ሳቅና ቁጣ ተቀላቅሎባት ቀረ። ዘፈኑን ግን መልሶ ከፍ ያደረገው የለም። የዚያን ዓመት ሁለት ጫጩቶች በረሩ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስቲቭ ቀናው። ስንት ዓመት ሲመኝ የኖረውን ትልቅ አጋዘን ጥሎ መጣ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ፈረቃ ስንቀያየር የበረዶ ሣጥኑን እየጎተተ መጥቶ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ አደለን። ለእኔ የተፈጨ ሰጠኝ። ለጋሽ እንድሪስ ከነአጥንቱ ሙሉ ወርች፤ ምርጡን። ጥይቱ በዚያ በኩል እንደገባ በኩራት አሳያቸው። በሁለት እጅ ተቀበሉት፣ ጎንበስ ብለው፣ «ጋድ ብሌስ ዩር ሃንድ።»

መኪናቸው ጋራዥ ስለነበረ ያን ሰሞን ፊሊፕስ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ወርቹን ጭናቸው ላይ አድርገው ሄድን።

«የስቲቭን ሥጋ ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ።

«እጥለዋለሁ፤ ምን አደርገዋለሁ?»

«የት?»

«ጋርቤጅ ነዋ። በስመ አብ ያልተባለበትን አልበላ። ደግሞ ጾም ነው። እርስዎስ ሊበሉት ነው?»

«ኧረ እኔም አልበላ። ቢስሚላህ አልተባለበትም።» ወረቀቱን በመዳፋቸው ደባበሱት። «ግን ሪዝቅ፣ የአላህ ሲሳይ፣ አይጣልም ጥሩዬ። ይሄ ሰው ደስታውን ነው የሰጠኝ። እንስሳውም ነፍሱ ወጥታለች። እንዴት አድርጌ ከዳይፐር ጋር አንድ ላይ እከተዋለሁ?»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ለአሞራ።»

ነገሩ ገባኝ፤ ለማንም የኛ አገር ሰው ይገባዋል። ከብት ሲታረድ ለአሞራ የሚወረወር ቁራጭ አለ። ማንም አሞራ አበላሁ ብሎ አይቆጥረውም፤ ድርሻው ስለሆነ ነው። ቢሆንም «ማሪሊን አታብሉ አላለችም?» አልኳቸው።

«እኔ አላበላም። መሬት ላይ አኖረዋለሁ፤ የመጣ ይበላል። ወንዙ ከዳር ከዳር በረዶ መያዝ ጀምሯል፤ ዓሣው በረዶ ሥር ሊገባ ነው። ቁራም ይሁን ቀበሮ፣ አላህ የላከው ይብላ።»

አልተከራከርኩም። ምን የሚያከራክር ነገር ነበረው? ቤቴ ገብቼ የራሴን ጥቅል ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት፤ እሳቸው የራሳቸውን ወስደው ከጎጆው ራቅ አድርገው ወንዙ ዳር አኖሩት።

ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ እሑድ ጠዋት አብሬያቸው ወረድኩ። ጠባቂዎቹ ማለፍ የማይፈቀድላቸው አንድ የወደቀ ግንድ አለ፤ እዚያ ስንደርስ እጃቸው ዝቅ አለች። እሜቴ በረዶው ላይ ነበረች። ክንፎቿ ወደ ጎን ተንጋደዋል፤ አንገቷ መቆም አቅቶት ይወድቃል፣ ታነሳዋለች፣ ይወድቃል። አፏ ተከፍቷል። ሰው አይታ አልሸሸችም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ከእሷ እልፍ ብሎ የወርቹ አጥንት ተግጦ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። እኔም አየሁት፤ እሳቸውም አዩት። ያን ጊዜ አጥንቱን ከመታመሟ ጋር የሚያገናኝ ነገር ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

«ለማሪሊን ኮል አድርጊላት» አሉኝ። ደወልኩ። ከግንዱ አላለፉም። አንድ ማሰሪያ የሌለው ውሻ እየሮጠ ሲመጣ ብቻ ተሻግረው በወፊቱና በውሻው መሃል ቆሙ። ውሻው ሲጠራ ተመለሰ፤ እሳቸውም ወደ ግንዱ ተመለሱ። ወፍራም ጓንት ያደረጉ ሰዎች መጥተው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ እስኪያስገቧት ድረስ ቆባቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነበር። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይሏታል ደጋግመው፤ «አብሽሪ እሜቴ፣ አብሽሪ።»

የወፍ ሐኪሞቹ ደሟን መረመሩ። የምትድን አልሆነችምና በመርፌ አሳረፏት።

ማሪሊን ጠባቂዎቿን ሁሉ ብሉሚንግተን አንድ ላይብረሪ ውስጥ ሰበሰበች። ጋሽ እንድሪስ እንግሊዝኛው እንዳያመልጣቸው እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ማሪሊን ቆማ አስረዳች፦ የንስሯ ደም ውስጥ የተገኘው የጥይት እርሳስ ነው። አጋዘን ሲመታ ጥይቱ ሥጋው ውስጥ ዓይን የማያየው ስብርባሪ ይሆናል። ያንን የበላ ንስር ይመረዛል። አንድ አዳኝ ትቶት የሄደ ሥጋ መሆን አለበት፤ ያየ ሰው ካለ ይናገር።

ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎምኩላቸው። «ጥይቱ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ሥጋው ውስጥ?»

«አዎ ጋሽ እንድሪስ።»

እጃቸውን ይዤ ነበር፤ እንዲቀመጡ። ማንም አላያቸውም፣ ማንም አይጠረጥራቸውም፤ በዚያ ክፍል ከሳቸው በላይ የሚወደድ ጠባቂ አልነበረም። እጄን ቀስ አድርገው አስለቀቁኝና ተነሱ። ቆባቸውን አወለቁ። «ተርጉሚ» አሉኝ። «አታለስልሺ።»

ሁሉንም ተናገሩ። ሥጋውን እኔ ነኝ ያኖርኩት አሉ። ሕጉን አውቀው ነበር፤ ማብላት ሳይሆን መጣል ነው ብለው ራሳቸውን እንዳታለሉ ተናገሩ። አንድ ሽማግሌ፣ ክፉ ሰው አይመስለኝም፣ «ካልበላኸው ለምን ዝም ብለህ ቆሻሻ ውስጥ አልጣልከውም?» ብሎ ጠየቀ።

«እንስሳው ሞቶ ነው የመጣው፤ ሰውየው ወዶ ነው የሰጠኝ። ሁለቱን ቆሻሻ ውስጥ መክተት አልቻልኩም» አሉ።

«ማነው የሰጠህ?»

«ሰጪው ጥፋት የለበትም።» ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም።

ማሪሊን እያለቀሰች ሰደርያውን ተቀበለቻቸው። ሌላ ምርጫ አልነበራትም፤ ሕግ ያፈረሰን አስቀምጣ ሌላውን ሕግ አክብር ልትል አትችልም። አጣጥፈው ነው የሰጧት። መኪና ውስጥ ስንገባ ቀበቶውን ማሰር አቅቷቸው እኔ አሰርኩላቸው።

«ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ እረግመው ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ቤት አፈረስኩ ጥሩዬ» አሉ። «የሰው አይደለም ብለሽ አታጽናኚኝ። ቤት ቤት ነው።»

አላጽናናኋቸውም። ተናድጄ ነበር። የእኔ ደንታ ቢስነት ማንንም አልጎዳም፤ የሳቸው ርኅራኄ ገደለ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። በሳምንቱ የምሳ ክፍል ውስጥ ስቲቭ ለአንዱ ጓደኛው ሲያወራ ሰማን። ልጁና የልጅ ልጁ ከሱ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ትንሿ ልጅ የአጋዘኑን ሥጋ በጣም ወዳው ከሱ በቀር በርገር አልበላም ብላለች። ጋሽ እንድሪስ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስቲቭ የንስሯን መሞት እንጂ ምክንያቱን አልሰማም ነበር። ሊያስቀይሙት ስላልፈለጉ ነበር ስሙን በስብሰባው እንኳ ያልጠሩት።

«በይ ተነሽ፣ ተርጉሚልኝ» አሉኝ።

«ዝም ብለው ጥይት አለበት ይበሉት። አልበላሁም ማለት ምን ያስፈልጋል?»

«በምን አወቅህ ሲለኝስ? ግማሹን ነግሬው ካላመነኝ ልጅቷ ትበላለች። አታለስልሺ።»

ተረጎምኩ። ስቲቭ መጀመሪያ ስለ ጥይቱ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቀጥሎ ወርቹ የት እንደደረሰ ሲሰማ አንገቱ እንደ ጺሙ ቀላ። «በሁለት እጅህ ነው የተቀበልከኝ» አላቸው። «ምርጡን ነበር የሰጠሁህ።» ጋሽ እንድሪስ ሊመልሱ ሲሞክሩ ተነስቶ ሄደ። በማግስቱ ጋሽ እንድሪስ ባይኖኩላሩን አጽድተው፣ በማኅደሩ ከተው፣ የስቲቭ የዕቃ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጡለት። ይመልሰዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመለሰውም። ከዚያ ወዲያ የሳቸውን በር ሊጠግን ሲመጣ ከማሽኑ ጋር ብቻ ነበር የሚነጋገረው።

በቀጣዩ ፀደይ ጎጆው ባዶ ሆነ። ባልየውም አልታየም። በሌላውም ዓመት ባዶ ነበር፤ ማሪሊንም ልጇ ወዳለችበት አገር ስትሄድ ያ ጎጆ ከሚጠበቁት ወጣ። እኛንም ማሽን ተካን፤ ደንበኛው ካርዱን ራሱ ሰክቶ ይሄድ ጀመር። እኔ ሆቴል ተቀጠርኩ፤ ጋሽ እንድሪስ ቤት ዋሉ። ወንዙ ዳር ግን አይወርዱም ነበር። «ያፈረስኩትን ቤት ቆሜ አላይም» ይላሉ። ከዚያ ጉበታቸው ታመመ። ሐኪሞቹ ያገኙት ዘግይተው ነው።

ሆስፒታል ስጠይቃቸው ስለ በሽታው አያወሩም ነበር። «ወንዙ ከበረዶው ተፈታ?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላለሁ። «ባልየው ሌላ አግብቶ ይመለስ ይሆን?» ይላሉ። ቀልድ አልነበረም። ማሪሊን ድሮ፣ ወንዱ ንስር እንስቷ ስትሞትበት ሌላ ይዞ ወደዚያው ጎጆ ሊመለስ ይችላል ብላቸው ነበር፤ እሳቸውም ያቺን ተስፋ ይዘው ነበር የተኙት። በዚህ ዓለም የቀራቸው ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር፤ ቤቱ ፈርሶ ቀረ ወይስ ቆመ። ጎጆው ከተተወ ቆይቷል፤ ማንም የሚያየው የለም፤ ስለዚህ የምነግራቸው አልነበረኝም። ውሸት መናገር አቅቶኝ አያውቅም፤ ለሳቸው ግን «ተመልሷል» ማለት አልቻልኩም። መጋቢት ሲገባ፣ ወንዙ ሳይፈታ፣ አረፉ።

ከቀብር በኋላ ፊሊፕስ ያለው አፓርትማቸው ሰው ሞልቶት ነበር። ወንዶቹ ሳሎን ምንጣፍ ላይ፣ ሴቶቹ መኝታ ክፍል። በሩ ተንኳኩቶ ስከፍት ስቲቭ ነው። ጫማውን አውልቆ፣ ግራ ተጋብቶ፣ ሰዎቹ ቦታ ሲለቁለት እዚያው በሩ አጠገብ ቁጭ አለ። ጉልበቱ ላይ ያ ባይኖኩላር አለ። እትዬ ዘይነብ፣ ባለቤታቸው፣ ማን እንደመጣ ለማየት ከመኝታ ክፍሉ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ለሚስቱ ንገሪልኝ» አለኝ ስቲቭ። «ስለ ጥይቱ የነገረኝ ቀን ማታ ሥጋውን በሙሉ ጥዬዋለሁ። ልጅቷ ደህና ናት።»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግሞ» አለ፤ ባይኖኩላሩን አገላበጠው። «ካለፈው ዓመት ጀምሮ እኔ እየሄድኩ አየዋለሁ፣ ጎጆውን። ወንዱ ተመልሷል። አዲስ እንስት ይዟል። እንቁላል ላይ ተኝታለች።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። «መቼ ነው ያየኸው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናል።»

ሁለት ሳምንት ሲባል ጋሽ እንድሪስ ትራስ ተደግፈው ቁጭ የሚሉበት ጊዜ ነው። እኔን ወንዙ ተፈታ ወይ የሚሉበት ጊዜ ነው።

«ልነግረው ነበር» አለ ስቲቭ። «መታመሙን ሰምቼ ነበር። ግን አሁንም ትንሽ ተቀይሜ ነበር። ይህን ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ ነበር።»

ሁሉንም ለእትዬ ዘይነብ ተረጎምኩላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ጎጆው ምን ማለት እንደነበረ የሚያውቁ፣ ሌሊት ሲቃዡ «እሜቴ» ሲሉ የሚሰሟቸው እሳቸው ናቸው። ስቲቭን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ስልክ የለውም?» አሉኝ።

ሰዓዳ በእንግሊዝኛ ለስለስ ያለ ሌላ ነገር ለማለት አፏን ስትከፍት አየሁ። ስቲቭ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለኝ።

«ስልክ የለህም ወይ ነው ያለችው» አልኩት።

ራሱን ደፋ። ጺሙ ላይ እንባ ሲወርድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እትዬ ዘይነብ ገቡና ጎረቤት ካመጣው ሩዝና ሥጋ ሞላ አድርገው በሳህን ይዘው መጡ። ራሳቸው ፊቱ አስቀመጡለት። «ይብላ በይው» አሉኝ። ያንንም ነገርኩት።

በሁለት እጁ ተቀበለ። ቀስ እያለ፣ ሳያቋርጥ፣ እስከ መጨረሻው በላ።